«ዲኢአይ የሚል ሁሉ ይጥፋ» ተብሏል፤ የቱ ይጥፋ፣ የቱ ይቆይ?

ጥያቄው፦ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ 120 ሠራተኛ ባለው ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። ድርጅቱ በሌላ ኩባንያ ሥር ሆኖ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ይሠራል። አለቃዬ «ዲኢአይ የሚል ነገር ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጥፋ» አሉኝ። እጄ ላይ ያለው ይህ ነው፦ ለጥቁርና ለላቲኖ ተማሪዎች ብቻ የተከፈተ የተለማማጆች ፕሮግራም፣ የአፍሪካውያን ሠራተኞች ማኅበር፣ «የተለያየ ሠራተኛ» ለቀጠረ ማናጀር የሚሰጥ ቦነስ፣ በዓመት አንዴ የግዴታ ሥልጠና፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለዒድ ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራር፣ ነጥብ የሚሞላበት የኢንተርቪው ቅጽ። የቱን ላጥፋ? ወንድሜ ደግሞ «ዲኢአይ ስለተሻረ ከእንግዲህ በአክሰንትሽ ቢቀልዱብሽም መክሰሻ የለሽም» ይለኛል። እውነት ነው?

ምላሽ፦

ከወንድምዎ ልጀምር፤ ተሳስተዋል። የእሳቸውም የአለቃዎም ስሕተት ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ ሁለቱም ዲኢአይን እንደ ሕግ ነው የያዙት። ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነትና አካታችነት የሚባለው ድርጅቶች፣ ግማሹን በራሳቸው ፈቃድ ግማሹን በግፊት፣ በአንድ ጆንያ የከተቱት የአሠራር ስብስብ ስም ነው። አንዱ ቤት ሥልጠና ማለት ነው፣ ሌላው ቤት የቅጥር ግብ፣ ሌላው ቤት የዊልቸር መወጣጫ። (እግረ መንገዴን፣ እኛ ቤት ሁሉ የሚያውቀው የ«ዲቪ» «ዲ»ም ያው «ብዝኃነት» የሚለው ቃል ነው፤ እሱ ግን ከ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ የመጣ ስለሆነ ከሥራ ቅጥር ጋር አይገናኝም። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሕጉ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ ለእርስዎ የሚያስፈልገው ክፍል «ታይትል ሰቨን» ይባላል። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በትውልድ አገር የተነሣ በቅጥር፣ በደመወዝ፣ በዕድገት፣ በሥልጠና ወይም በስንብት እንዳያበላልጥ ይከለክላል። ያወጣው ኮንግረስ ነው፤ ፕሬዚዳንት በፊርማው አይሽረውም፣ አልሻረውምም።

ታዲያ በ2025 የተሻረው ምንድን ነው? ጃንዋሪ 20 የወጣው የፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ቁጥር 14151 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን የራሳቸውን የዲኢአይ ቢሮና ፕሮግራም ዘጋ። በማግስቱ የወጣው 14173 ነው እናንተን የሚነካው። ይህ ትእዛዝ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 የፈረሙትን 11246ን ሻረ። በዚያ በድሮው ትእዛዝ 50 ሠራተኛና የ50,000 ዶላር ውል ያለው የመንግሥት ተቋራጭ ለሴቶችና ለአናሳ ዘሮች በየዓመቱ የድጋፍ እርምጃ ዕቅድ መጻፍ ነበረበት። ያ ግዴታ ቀርቷል። ለአካል ጉዳተኞችና ለቀድሞ የጦር ሠራዊት አባላት የሚጻፈው ዕቅድ ግን አልቀረም፤ እሱ የቆመው በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ላይ ሳይሆን በ1973 እና በ1974 ኮንግረስ ባወጣቸው ሕጎች ላይ ነው። «ሁሉም ይጥፋ» በሚል ትእዛዝ ብዙ ቤት ሁለቱን ቀላቅሎ ነው የሚጥለው። ውላችሁ መጠኑ የሚደርስ ከሆነ እነዚህን ሁለት ዕቅዶች ወደ ሌላ ማኅደር አዛውረው ያስቀምጡ።

የ14173 ጥርስ ያለው ግን የማረጋገጫ ፊርማው ላይ ነው። ተቋራጩ የፌዴራል ፀረ መድልዎ ሕግን የሚጥስ የዲኢአይ ፕሮግራም እንደሌለው ይፈርማል፤ ይህም ለክፍያው ወሳኝ መሆኑን ይቀበላል። ያ አነጋገር «የሐሰት ክፍያ ጥያቄ ሕግ» የሚባለውን ይጠራል፤ በ1863 በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ለሠራዊቱ የማይረባ ዕቃ እየሸጡ የሚያጭበረብሩ ነጋዴዎችን ለመያዝ የወጣ ሕግ ነው። ቅጣቱ የጉዳቱ 3 እጥፍ ነው፣ በእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ላይ ተጨማሪ መቀጮም አለው። ጥቆማ ሰጥቶ ክሱን የከፈተ ግለሰብ፣ የራሳችሁ ሠራተኛም ቢሆን፣ ከሚመለሰው ገንዘብ ከ15 እስከ 30 በመቶ ይካፈላል። የፍትሕ ሚኒስቴርም በሜይ 2025 ይህንኑ ሕግ በዲኢአይ ላይ ለመጠቀም የተለየ ዘመቻ ከፍቷል። የአለቃዎ ድንጋጤ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ መሠረት አለው። ነገር ግን ፊርማው ያለው «የሚጥስ» ነው። የማይጥሰውን ማጥፋት አላዘዘም። የላይኛው ተቋራጭ የላከላችሁን ውል አንቀጽ ይፈልጉና ቃል በቃል ያንብቡት፤ አንዳንዱ ተቋራጭ ከትእዛዙ ሰፋ አድርጎ ይጽፋል፣ እንዲስተካከል መጠየቅ የሚቻለው ከመፈረሙ በፊት ነው።

አሁን መለያው። እያንዳንዱን ፕሮግራም በስሙ ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ይፈትኑት፦ በዚህ አሠራር አንድ ሰው በዘሩ ወይም በፆታው ምክንያት ከሥራው ጋር የተያያዘ ነገር ያገኛል ወይም ይከለከላል? መልሱ አዎ ከሆነ ስሙን «የአብሮነት ፕሮግራም» ብለው ቢቀይሩትም አይድንም። መልሱ አይ ከሆነ «ዲኢአይ» ተብሎ ቢጻፍበትም ሕገ ወጥ አይሆንም። ይህ የትራምፕ አስተዳደር ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ታይትል ሰቨን ነጮችንም እንደሚጠብቅ የፈረደው በ1976 ነው። በጁን 2025 በኤምስ ጉዳይ 9 ለ0 የወሰነው ደግሞ ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽ ከሌላው የበለጠ ማስረጃ እንዲያቀርብ መጠየቅ አይቻልም ብሎ ነው፤ ውሳኔውን የጻፉትም ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ናቸው። ከዚያ በፊት በኤፕሪል 2024 በማልድሮው ጉዳይ፣ ለክስ የሚበቃው ጉዳት ከባድ መሆን እንደሌለበት፣ በሥራ ሁኔታ ላይ «የተወሰነ ጉዳት» ከደረሰ እንደሚበቃ ተወስኗል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ይያዙ፤ የዘር መስፈርት ያለበት ትንሽ ጥቅም ሁሉ ዛሬ ለክስ ቅርብ ነው።

በዚህ መለኪያ የተለማማጆች ፕሮግራማችሁ ወዲያው ይወድቃል። «ለጥቁርና ለላቲኖ ብቻ» የሚል መስመር በሩ ላይ የተለጠፈ የዘር መስፈርት ነው፤ ታይትል ሰቨን ደግሞ የሥልጠናና የልምምድ ፕሮግራሞችን በስም ጠቅሶ ይሸፍናል። ከሱ ሌላ «ሴክሽን 1981» የሚባል አለ። የሠራተኛ ቁጥር አይጠይቅም፣ የካሳ ጣሪያ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4 ዓመት ክስ ይቀርብበታል። መነሻው በ1866 ነፃ የወጡ ባሪያዎች እንደ ነጭ ሁሉ ውል መዋዋል እንዲችሉ የወጣ ሕግ ነው። ይኸው ሕግ በጁን 2024 አትላንታ ውስጥ፣ ለጥቁር ሴት ነጋዴዎች የ20,000 ዶላር ስጦታ የሚሰጠውን የፊርለስ ፈንድ ውድድር ለማገድ ዋለ፤ ውድድሩም በሴፕቴምበር ተዘጋ። ሕጉ የወጣበትን ዘመን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ የሚከነክን ነው፤ የሕጉ ቃል ግን «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው።

ፕሮግራሙን ግን ማጥፋት አያስፈልግም፤ በሩን መክፈት ይበቃል። የብቁነቱን መስመር ለሁሉም ተማሪ ያድርጉት። መምረጫውን ከማስታወቂያው በፊት በነጥብ ይጻፉት፤ ለምሳሌ ከ100 ነጥብ 40 ለሥራ ናሙና፣ 30 ለኢንተርቪው፣ 30 ለትምህርት ውጤትና ለልምድ። ማስታወቂያውን ድሮ የሚደርስበት ቦታ እንዳለ ትታችሁ ተጨማሪ ቦታ አድርሱት፦ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርጅ ሜሰን፣ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ። መጨመር እንጂ መተካት አይደለም። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው፦ «ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰቡ ኮሌጅ የገባ» ወይም «ከዚህ ሰፈር የመጣ» የሚል መስፈርት ከተካችሁ በኋላ አንዱ ማናጀር «በዚህ መንገድ ያንኑ ልጆች እናገኛለን» ብሎ ኢሜይል ይጽፋል። ያቺ ኢሜይል ናት ክሱ። የፍትሕ ሚኒስቴር በጁላይ 2025 ባወጣው መመሪያም ዘርን በሌላ ስም መተካትን በተለይ ነቅሶ አውጥቷል። የምትመርጡት መስፈርት ለሥራው የሚያስፈልግበት ምክንያት ይኑረው፤ ምክንያቱም አስቀድሞ ይጻፍ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌው ከእኛው ቋንቋ ይገኛል። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ አማርኛ የሚችል ሰው የሚፈልግ ሥራ እውነተኛ ሥራ ነው። «አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገርና የሚጽፍ» ብሎ ማስታወቅ ችሎታ መጠየቅ ነው፤ አማርኛ የለመደ ፈረንጅም ይወዳደርበታል። «ኢትዮጵያዊ እንፈልጋለን» ግን የትውልድ አገር መድልዎ ነው።

ቦነሱን ይሰርዙት፤ ዛሬውኑ። ከዝርዝርዎ ውስጥ ሁለተኛው እውነተኛ አደጋ እሱ ነው። ማናጀሩ ለወሰነው እያንዳንዱ ቅጥር የገንዘብ ምክንያት ይሰጠዋል፤ ያልተቀጠረው ሰው ጠበቃም መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን የቦነስ ሰነድ ነው። በ1979 እና በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈቀዳቸው ጠባብ የበጎ ፈቃድ ዕቅዶች እስካሁን በስም አልተሻሩም፤ የዛሬውን ፍርድ ቤት የሚያውቅ ሰው ግን እነሱን ምርኩዝ አድርጎ ቦነስ አይከፍልም። ማናጀሮችን መለካት ካስፈለገ ሥራቸውን ይለኩ፦ ክፍት ቦታው ቢያንስ 10 ቀን ተለጥፏል ወይ? ሁለት ጠያቂዎች ነበሩ ወይ? የነጥብ ቅጹ ለሁሉም ተወዳዳሪ ተሞልቷል ወይ? የሚለቅ ሠራተኛ ለምን እንደለቀቀ ተጠይቋል ወይ?

የአፍሪካውያን ሠራተኞች ማኅበር በስሙ ይቀጥል። የሚታየው አባልነቱ ነው፤ ለማንም ክፍት መሆኑ በመተዳደሪያው ላይ ይጻፍ። የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን (ኢኢኦሲ) በማርች 2025 ያወጣው ማብራሪያ ለአንድ ዘር ብቻ የተዘጋ የሠራተኞች ስብስብ ችግር ሊሆን እንደሚችል ጽፏል፤ ሠራተኛውን በዘር ከፍሎ ለየብቻ ማሠልጠንንም፣ የሚነገረው ነገር አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ። በብዛት ሳይታይ የሚቀረው ሌላ ነው፦ ማኅበሩ በዓመት ሁለቴ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጋር ምሳ ይበላል፣ ሌላው ሠራተኛ ግን ያንን ዕድል አያገኝም። ያ ምሳ የሥራ ጥቅም ነው። ወይ ለሁሉም ይከፈት፣ ወይ ይቅር። በዕረፍት ሰዓት ሦስት ሲኒ ቡና ማፍላት ግን ዲኢአይ አይደለም፤ ስለ ጀበናው ከሕንፃው የእሳት አደጋ ደንብ ጋር ብቻ ነው መነጋገር ያለባችሁ።

ሥልጠናው ሕገ ወጥ አይደለም፤ ችግሩ ጥቅሙ ነው። ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ የተባሉ የሶሺዮሎጂ ተመራማሪዎች ከ800 በላይ የአሜሪካ ድርጅቶችን የ30 ዓመት መረጃ አይተው ነበር። የግዴታ ሥልጠና በጀመሩ ድርጅቶች ከ5 ዓመት በኋላ በኃላፊነት ቦታ ላይ ያሉ አናሳዎች ቁጥር አልጨመረም፤ የጥቁር ሴቶች ድርሻ እንዲያውም በአማካይ 9 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ሰው «አስተሳሰብህን አርም» ተብሎ ሲገደድ ይሸፍታል። የተሻለ ውጤት ያሳዩት ልምድ ያለው ሠራተኛ አዲሱን በኃላፊነት የሚይዝበት አሠራርና ኃላፊዎች ራሳቸው ኮሌጅ ሄደው የሚመለምሉበት አሠራር ነበሩ። ስለዚህ ሥልጠናውን ያሳጥሩት፦ 45 ደቂቃ፣ ሁለት ርእስ ብቻ፤ የነጥብ ቅጽ እንዴት እንደሚሞላና አቤቱታ ሲመጣ ማን ምን እንደሚያደርግ። የትንኮሳ ሥልጠናና የአቤቱታ መቀበያ መንገድ ግን ፈጽሞ እንዳይነካ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ከሰጣቸው ውሳኔዎች ጀምሮ ቀጣሪ በትንኮሳ ክስ ራሱን የሚከላከልበት ዋናው ጋሻ እሱ ነው።

የበዓላቱ ፈቃድ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይገባኝም። የሃይማኖት ማመቻቸት የታይትል ሰቨን ግዴታ ነው፤ እንዲያውም ከድሮው ጠንክሯል። ጁን 29 ቀን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ውሳኔ ሰጥቷል። ዓለም ሁሉ የሰማው ሃርቫርድና ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በተማሪ ቅበላ ዘርን እንዳያዩ የከለከለውን ነው። በዚያው ቀን የወጣው የግሮፍ ውሳኔ ግን ለእኛ ሰዎች የበለጠ የዕለት ኑሮን የሚነካ ነው። እሑድ አልሠራም ያለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ነበር። ከ1977 ጀምሮ ቀጣሪዎች «ትንሽም ቢሆን ወጪ ያስከትላል» እያሉ እምቢ ይሉ ነበር፤ ከግሮፍ በኋላ እምቢ ለማለት ለድርጅቱ ከፍ ያለ ተጨማሪ ሸክም መሆኑን ማሳየት አለባቸው።

በተግባር አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል፦ ቀኑ፣ ከሥራው ጋር የሚጋጨው ነገር፣ ሠራተኛው የሚያቀርበው መፍትሔ። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ጥምቀት 19፣ አንዳንዴ 20። ስቅለትና ፋሲካ በየዓመቱ ይዞራሉ፤ ዒድ ደግሞ ጨረቃ ስለሚጠብቅ ቅጹ ላይ «ግምታዊ ቀን» የሚል ቦታ ይኑር፤ አለዚያ ሠራተኛው የጻፈው ቀን በአንድ ቀን ሲያልፍ «ያለ ፈቃድ ቀረ» ተብሎ ይመዘገባል። መፍትሔው ሺፍት መቀያየር፣ ያለ ክፍያ ፈቃድ ወይም ማንም ሠራተኛ ለፈለገው በዓል የሚወስደው ተንሳፋፊ የዕረፍት ቀን ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ከሁሉ ይሻላል፤ ማንም የማንን ሃይማኖት መመርመር አይኖርበትም። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሠራተኛ የምሳ ዕረፍቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ሦስት ፒኤም እንዲገፋለት ቢጠይቅ ለድርጅቱ የሚያስወጣው ሳንቲም የለም፤ ለ55 ቀን ብቻ ነው። የቄስ ወይም የኢማም ደብዳቤ ከሁሉም መጠየቅ ግን ልማድ አይሁን።

የኢንተርቪው ቅጹ ደግሞ ከእጅዎ ካለው ሁሉ የበለጠው ነው፤ በስሕተት ዲኢአይ ተብሎ ተከትቶ ከሆነ አውጥተው «የቅጥር ሥርዓት» ይበሉት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክርክሩ ራሱ ያለው እዚህ ነውና።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ቀላል አይደለም፦ ሰው በራሱ ይመዘን እንጂ በወገኑ አይመዘን፤ መድልዎን በመድልዎ ማረም ሌላ ተበዳይ ይፈጥራል፤ በልፋቱ የገባውም ጥቁር «በኮታ ነው» የሚል ጥርጣሬ ይከተለዋል። ደጋፊዎቹ ደግሞ መድልዎው አልቆመም ይላሉ፤ ለዚህም ማስረጃ አላቸው። በ2004 የታተመ ጥናት ቦስተንና ቺካጎ ላይ 5,000 ያህል የፈጠራ ሬዙሜ ተልኮ፣ ሌላው ሁሉ ተመሳሳይ ሆኖ፣ የነጭ የሚመስል ስም ያለው 50 በመቶ የበለጠ ጥሪ አግኝቷል። በቅርቡ ከአገሪቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ለ108ቱ 83,000 ያህል ማመልከቻ ተልኮ ክፍተቱ ከ100 ማመልከቻ ወደ 2 ጥሪ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ ጥናት የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው፤ የጠፋው ጥሪ ግማሽ ያህሉ የመጣው በጣም ከሚያዳሉት አንድ አምስተኛ ኩባንያዎች ነው። መድልዎ እንደ ጉም በየቦታው እኩል የተዘረጋ ሳይሆን በአሠራራቸው ልቅ በሆኑ ቤቶች የሚከማች ከሆነ፣ መድኃኒቱ ንግግር ሳይሆን አሠራር ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን ሊቀበሉት የሚችሉት መሣሪያም ይኸው ቅጽ ነው፤ ለማንም በዘሩ ምንም አይሰጥም፣ ጠያቂው ግን ከሚመስለው ሰው ጋር ተጨዋውቶ «ልቤ ወደደው» እንዲል አይፈቅድለትም።

ቅጹ በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው፦ ከ5 እስከ 6 ጥያቄ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቅደም ተከተል። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ፤ 1 ምን ዓይነት መልስ እንደሆነ፣ 3 ምን፣ 5 ምን፣ ኢንተርቪው ከመጀመሩ በፊት በአንድ በአንድ መስመር ተጽፎ። ሁለቱ ጠያቂዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚወያዩት። በብዛት የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ማናጀሩ መጀመሪያ ሰው መርጦ ነጥቡን ወደ ኋላ ሲሞላ፤ በኮምፒውተር ከሆነ ሰዓቱ ያጋልጠዋል። ሁለተኛው «ከቡድኑ ጋር ይስማማል» የሚለው ሣጥን ነው፤ አድልዎ ተመልሶ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ስለሆነ ይሰረዝ።

ውጤቱን ለመፈተሽ ከ1978 ጀምሮ የነበረ የ4/5 መለኪያ አለ፤ የአንዱ ወገን የማለፍ መጠን ከከፍተኛው 4/5 (80 በመቶ) በታች መሆን አለመሆኑን ያያል። ከ60 ወንድ አመልካች 30 ወደ ኢንተርቪው አልፎ፣ ከ40 ሴት ደግሞ 12 ካለፈ፣ አንዱ 50 በመቶ ሌላው 30 በመቶ ነው፤ 30 ለ50 ሲካፈል 60 በመቶ፣ ከ80 በታች። ይህ መድልዎ አለ ማለት አይደለም፤ ያንን ደረጃ ፈትሹ ማለት ነው። ፕሬዚዳንቱ በኤፕሪል 2025 ባወጡት ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በዚህ ዓይነት የውጤት ልዩነት ላይ የሚያደርጉትን ክትትል እንዲያቀዘቅዙ አዘዋል፤ ጽንሰ ሐሳቡ ግን በ1991 ኮንግረስ በሕጉ ውስጥ ስለጻፈው ግለሰብ ፍርድ ቤት ሊሄድበት ይችላል። ፍተሻው ግን ከውጤት በፊት ይሁን። የኒው ሄቨን ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የዕድገት ፈተና ውጤት ከወጣ በኋላ «ለዕድገቱ የደረሰ ጥቁር የለም» ብላ ሰረዘችው፤ በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታች። ጥያቄውን ያስተካክሉ እንጂ ያለፈውን ሰው ነጥብ አይንኩ።

ወደ አክሰንቱ። አክሰንት ከትውልድ አገር ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ቀጣሪ በእሱ ምክንያት ሊወስን የሚችለው አነጋገሩ ሥራውን በእርግጥ ሲያውክ ብቻ ነው። የ911 ስልክ ተቀባይና የመጋዘን ሠራተኛ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። አንድ ጊዜ የተወረወረ ቀልድ አብዛኛውን ጊዜ ለክስ አይበቃም፤ የሚደጋገም ወይም በጣም የከበደ ከሆነ ግን ትንኮሳ ነው። ሹሩባም እንደዚሁ፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በ2020 የፀጉር አሠራርን በዘር ጥበቃ ውስጥ አስገብተዋል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ቀኑን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ የሰማውን ሰው ስም ያንኑ ዕለት በግል ማስታወሻው ይጻፍ፤ በሥራ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ከዚያ ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ያመልክት። ወደ ኢኢኦሲ ለመሄድ ያለው ጊዜ 180 ቀን ነው፤ የስቴት ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ባለበት፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲን ጨምሮ፣ 300 ቀን። የውስጥ አቤቱታው መልስ ቢዘገይም ያ ቀን አይቆምም፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። ለዲሲ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ 1 ዓመት ነው፣ የዲሲው ሕግ የሠራተኛ ቁጥርም አይጠይቅም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ የሆነ ግን 45 ቀን ብቻ ነው ያለው። ማመልከቻው ክፍያ የለውም። ቅጹ ላይ የእኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «የትውልድ አገር» የሚለውን ብቻ ምልክት ያደርጋል፤ ነገሩ ዘርንም የሚነካ ከሆነ «ዘር» የሚለውንም ምልክት ያድርግ፣ በማመልከቻ ያልተነሣ ነገር በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ሊወድቅ ይችላልና። ሴክሽን 1981ም የዘር ሐረግን እንጂ የትውልድ አገርን ብቻ አይሸፍንም። በአቤቱታ የተነሣ የደረሰ ቅጣት ራሱን የቻለ ጥሰት ስለሆነ «የበቀል እርምጃ» የሚለው ሣጥንም እንዳይረሳ። ኮሚሽኑ የመክሰስ መብት ደብዳቤ ከሰጠ በኋላ ፍርድ ቤት ለመግባት 90 ቀን አለ። እንደ እናንተ 120 ሠራተኛ ባለው ቤት በታይትል ሰቨን የካሳና የቅጣት ጣሪያው 100,000 ዶላር ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ከዚያ ውጭ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደስ ላይል ይችላል። ይህ ሕግ የእኛንም ቤት ያያል። 15 ሠራተኛ የደረሰ የአበሻ ድርጅት «የኛ ሰው ብቻ» እያለ ዘመድ በዘመድ ቢቀጥር፣ ይባስ ብሎም አመልካቹን «የየት አገር ልጅ ነህ?» እያለ ብሔሩን ቢያጠያይቅ፣ ያው መድልዎ ነው። በሴክሽን 1981 ደግሞ 3 ሠራተኛ ያለውም ቤት በዘር ሐረግ መድልዎ ይከሰሳል።

ለአለቃዎ የሚያቀርቡት ወረቀት ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ቦነሱ ይሰረዛል፣ የተለማማጆቹ በርና የማኅበሩ አባልነት ይከፈታል፣ ሥልጠናው ያጥራል፣ የበዓላት ፈቃዱና የኢንተርቪው ቅጹ እንዳሉ ይቆያሉ፣ የአካል ጉዳተኞችና የቀድሞ የጦር ሠራዊት አባላት ዕቅዶች ለየብቻ ይያዛሉ። ማረጋገጫውን የሚፈርመው ሰው ከመፈረሙ በፊት የሥራ ሕግ ጠበቃ ይየው። «ይጥፋ» ሲባል ደግሞ የሚጠፋው አሠራሩ እንጂ ፋይሉ እንዳይሆን። የቅጥርና የሠራተኛ ሰነዶች በፌዴራል ደንብ ቢያንስ 1 ዓመት መቀመጥ አለባቸው፤ አቤቱታ ከቀረበ ደግሞ ጉዳዩ እስኪያልቅ። የድሮውን የፕሮግራም ጽሑፍ፣ የተቀየረበትን ቀንና ማን እንደወሰነ ጽፈው በአንድ ማኅደር ይዝጉት፤ ኢሜይሎቹንም ማንም እንዳይሰርዝ ለአይቲ ክፍሉ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይንገሩ።